ሮትዋይለርን ክፉ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ስትዘዋወሩ በብዙ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሌባ ለማስፈራራት የተለጠፈ ብቻ ነው፤ በሩ ሲከፈት የምትወጣው ጅራቷን የምትቆላ አንዲት ትንሽ ውሻ ናት። ከበሩ ጀርባ ሰፊ ጭንቅላት ያለው፣ ጥቁር ገላው የሚያብረቀርቅ፣ ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ውሻ ብቅ ሲል ግን እንግዳው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ይህ ውሻ ሮትዋይለር ነው።

ስለ እሱ የሚወራው ብዙ ነው። ሲያድግ አንጎሉ የራስ ቅሉን ስለሚጠበው ያብዳል ይላሉ። ደም ከቀመሰ አይመለስም፣ ባለቤቱን ይከዳል የሚሉም አሉ። ሚጥሚጣ ከምግቡ ጋር ካልተሰጠው፣ ጥሬ ሥጋ ካልበላ አይጠብቅም የሚሉ ሰዎችም አጋጥመውኛል። አንዱም እውነት አይደለም። አንጎሉ እንደማንኛውም ውሻ አንጎል በራስ ቅሉ ልክ ያድጋል፤ ሚጥሚጣውም ሆዱን ከማቃጠል በስተቀር የሚጨምርለት ጠባይ የለም።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በሥራ ዘመኔ በውሻ የተነከሱ ሕፃናትን ቁስል ብዙ ጊዜ አጥቤያለሁ፤ የእናቶቻቸውንም እንባ አይቻለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ልጄ በሁለት ወሯ ያመጣት ሎላ የምትባል ሮትዋይለር በግቢያችን ስድስት ዓመት ኖራለች። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ስለማውቀው ነው ለመጻፍ የተነሣሁት። በተለይ የልጅ ልጆች የሚመጡባቸው፣ ወይም ልጆቻቸው «ለጥበቃ» ብለው እንዲህ ያለ ውሻ ሊያመጡ ያሰቡ ወላጆችና አያቶች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ጠባዩን ለመረዳት ከየት እንደመጣና ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። ስሙን ያገኘው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ከምትገኝ ሮትቫይል ከምትባል ጥንታዊ ከተማ ነው። ሮማውያን ከብት እየነዱ የአልፕስን ተራሮች ሲሻገሩ አብረዋቸው ከነበሩ የከብት ውሾች ዘር እንደመጣ ይነገራል። ሮትቫይል በኋላ የከብት ገበያ ሆነች፤ ሥጋ ሻጮቹም በዚህ ውሻ ከብት ያስነዱ፣ ሥጋ የተጫነ ጋሪ ያስጎትቱ ነበር። «የሮትቫይል ሥጋ ሻጭ ውሻ» የሚለውን ስም ያወጡለት በዚህ ምክንያት ነው። ነጋዴው ከብቱን ሸጦ ሲመለስ የገንዘብ ከረጢቱን በውሻው አንገት ላይ ያስር ነበር የሚል ወግም አለ። ኪስ አውላቂ እንዳይደርስበት መሆኑ ነው!

ባቡር መጥቶ ከብቱን መጫን ሲጀምር ውሻው ሥራ ፈታ፤ ቁጥሩም በጣም ተመናመነ። እንደገና ተፈላጊ ያደረገው ፖሊስ ነው። በ1910 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጀርመን በፖሊስ ውሻነት ዕውቅና አገኘ፤ በ1921 ደግሞ ዛሬም ድረስ ዘሩን የሚከታተለው የጀርመን ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ፍርስራሽ ውስጥ ሰው ሲፈልግ፣ ዓይነ ስውራንን ሲመራም ታይቷል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ይህ ውሻ ለብዙ መቶ ዓመታት ቀኑን ሙሉ ከጌታው ጎን ሆኖ ሲሠራ የኖረ ነው። ከብት ሲነዳ እየነከሰ አያቆስልም፤ የቆሰለ ከብት ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳልና። በደረቱና በጎኑ ይገፋል፤ ፊት ለፊት ቆሞ አፍጥጦ ይመልሳል። ከሰው ጋር መዋል፣ በገላ መግፋትና አተኩሮ ማየት ዛሬም በግቢያችን ያለው ሮትዋይለር ጠባዮች ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እነዚሁ ላይ ነው።

በውጭው ዓለም ስሙን ያጠፋው በከፊል ሲኒማ ነው። በ1976 የወጣው «ዘ ኦመን» የተባለው አስፈሪ ፊልም ሮትዋይለርን የሰይጣን ጠባቂ አድርጎ አሳየ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ አሌክሳንድራ ዴይ የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ ካርል የሚባል ሮትዋይለር ሕፃን ልጅ ሲጠብቅ የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ ለልጆች አወጣች፤ በጣም ተወደደ። እናትየዋ ልጇን ለውሻው ትታ ትወጣለች፤ ውሻውም ሕፃኑን ያጫውታል፣ ያጥባል፣ ያስተኛል። ለእኔ ሁለቱም አይመቹኝም። የመጀመሪያው ውሻውን ሰይጣን ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሞግዚት። ቁስል ሲያጥብ ለኖረ ሰው ሁለተኛው ተረት ከመጀመሪያው የባሰ ያስፈራል።

በአሜሪካ ከ1979 እስከ 1998 ድረስ በውሻ ጥቃት የሞቱ ሰዎችን ያጠኑ ባለሙያዎች፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ፒት ቡል መሰል ውሾችና ሮትዋይለሮች እንደነበሩበት ጽፈዋል። ውሻውን ስለምወድ ይህን አልደብቅም። በዚያው ጥናት ግን ሰው የገደሉት ውሾች ቢያንስ ከ25 ዘሮች ነበሩ፤ አጥኚዎቹም በአገሩ ከእያንዳንዱ ዘር ስንት ውሻ እንዳለ በትክክል ስለማይታወቅ አንዱ ዘር ከሌላው ምን ያህል እንደሚብስ ከዚህ ቁጥር መናገር እንደማይቻል አስጠንቅቀዋል። በዚያ ዘመን ሮትዋይለር በአሜሪካ በጣም ከሚያዙት ውሾች አንዱ ነበር። የማይታበለው ግን የጉልበቱ ነገር ነው። ወንዱ ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ሴቷ ወደ 42 ኪሎ ትደርሳለች። ትንሽ ውሻ ሲነክስ ቆዳ ይበሳል፤ ሮትዋይለር ሲነክስ ሥጋ ይቀድዳል፣ አጥንት ይሰብራል። የአንዲት ትንሽ ውሻ መጥፎ አመል ለቤተሰቡ መሳቂያ ሊሆን ይችላል፤ የሮትዋይለር መጥፎ አመል ግን አያስቅም።

ታዲያ በደንብ ያደገ ሮትዋይለር ምን ይመስላል? ከሎላ ጋር ስኖር ያየሁትን ልንገራችሁ። አትለፈልፍም፤ የጎረቤት ውሾች ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ እሷ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ታዳምጥና ተመልሳ ትተኛለች። እሷ ከጮኸች ልጄ ተነሥቶ ያያል። እንግዳ ሲመጣ አትዘልም፣ አትልከሰከስም፤ ቆማ ታያለች። እኛ ሰላም ስንል፣ ወንበር ስናቀርብ ትከታተላለች፤ ከዚያ ራሷ ትወስናለች። ይህ ቆሞ ማየት የዘሩ ጠባይ እንጂ ለመናከስ ማድባት አይደለም። እንግዳው የሚሳሳተው ወዲያው እጁን ወደ ጭንቅላቷ ሲዘረጋ ነው። ተዋት፣ አትያት፣ ቡናህን ጠጣ፤ ስትፈልግ መጥታ ታሸትሃለች እለዋለሁ።

ሌላው መደገፍ ነው። አጠገባችሁ ትመጣና ሙሉ ክብደቷን እግራችሁ ላይ ትጥላለች። የሚገፋችሁ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ፍቅሯ ግን እንዲህ ነው። ጆሮዋ ሥር ሲታከክላት ደግሞ ከደረቷ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ይወጣል። አንዴ የዕድር ሰዎች መጥተው ይህን ድምፅ ሲሰሙ አንደኛው ሰውዬ ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር። የደስታ ማጉረምረሟ ነው ብለን ብንምልም አልወረደም።

የደስታውን ከቁጣው መለየት ግን ቀልድ አይደለም፤ በቤት ያለ ሰው ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋም ጭምር፣ ማወቅ አለባት። ገላው ልል ከሆነ፣ ዓይኑ ከተለሰለሰ፣ አፉ ገርበብ ካለ፣ ወደ እናንተ ከተደገፈ ደስታ ነው። ድንገት ድርቅ ብሎ ከቆመ፣ አፉን ከገጠመ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ካፈጠጠ፣ ወይም ፊቱን አዙሮ የዓይኑ ነጭ ከታየ፣ ያኔ የሚሰማው ጉርምርምታ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጁን ቀስ ብላችሁ አርቁት እንጂ ውሻውን አትምቱት። ዘበኛ «ማነህ?» ብሎ ስለጠየቀ ከተመታ ሌላ ጊዜ ሳይጠይቅ ነው ዱላ የሚያነሣው። ሲያጉረመርም እየተመታ ያደገ ውሻም እንዲሁ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከዚያ ሰዉ «ሳይታሰብ ተነሥቶ ነከሰ» ይላል።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

በከተማችን ብዙ ሮትዋይለር የሚኖረው እንዲህ ነው። በቡችላነቱ ይመጣል፤ ልጆች ሁለት ወር ይጫወቱበታል። ጉልበቱ ሲጠነክር፣ የታጠበ ልብስ ሲጎትት፣ ጫማ ሲበላ፣ ወደ ጓሮ ይወሰድና ቀኑን ሙሉ ይታሰራል ወይም በቆርቆሮ ቤት ይዘጋበታል። ሌሊት ይለቀቃል። የሚያበላው ዘበኛው ነው፤ ዘበኛው ሲለወጥ ውሻው የሚያውቀውን ብቸኛ ሰው ያጣል። የቤቱ ባለቤት በመኪና ገብቶ በመኪና ይወጣል። ልጆቹም ቀን ቀን በሩቁ ድንጋይ እየወረወሩ ያናድዱታል፤ «ኃይለኛ እንዲሆን ነው» ይባላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ይህ ውሻ ሰውን የሚያውቀው ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ውጭ እንደሚያልፍ እግር ብቻ ነው። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ወይም የሦስት ዓመት ሕፃን ኳሷን ተከትላ ወደ ክልሉ ትገባለች።

ከሰው ጋር ሲሠራ የኖረን ዘር እንዲህ ማሰር ሠራተኛን ያለ ሥራ ዘግቶ እንደማስቀመጥ ነው። ከሚያስፈራው ነገር መሸሽ ስለማይችል የቀረው ምርጫ መታገል ነው። ደግሞስ ጥበቃው የት አለ? ቤተሰቡን የማያውቅ ውሻ ሌባውን ከአጎት ልጅ በምን ይለየዋል? «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የኛ ሰው፤ መብላት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቤቴ የሚለው ሰዎች ያስፈልጉታል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሳሎን ይግባ ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አላልኩም። በብዙ ቤት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጋ፣ ውሻ ከሰው መኖሪያ ውስጥ አይገባም፤ በእኛም ቤት ሎላ ደፉን አታልፍም። ማደሪያዋ በረንዳው ጫፍ ላይ ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማይገባው፣ ቤተሰቡ ሲወጣ ሲገባ የምታይበት ቦታ። ቡና ሲፈላ እዚያው ተኝታ ታያለች። ቤት ሳትገባም የቤተሰብ አካል መሆን ይቻላል። እንግዳ ሲበዛ ወይም የሚፈራ ሰው ሲመጣ የምትገባበት በአጥር የተከለለ ሰፊ ቦታ አላት፤ ጥላና ውሃ አለው። ይህ ከሰንሰለት በጣም ይለያል።

ቡችላ ከእናቱ ጋር ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይገባል። በአምስት ሳምንት የሚሸጡ አሉ፤ አትግዟቸው። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው የንክሻውን ልክ የሚማረው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ደግሞ ዓለምን የሚለምድበት ነው። በዚህ ጊዜ ያላየውን ነገር ሲያድግ ይፈራዋል፤ የፈራውን ይነክሳል። ስለዚህ ሽማግሌ በምርኩዝ ሲሄድ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ጃንጥላ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ቆራሌው ሲጮኽ፣ ሁሉንም በሰላም ይይ። ክትባቱን እስኪጨርስ መንገድ ላይ ማስረገጥ ስለማይመከር አቅፋችሁ አሳዩት፤ ያኔ ገና ይታቀፋል።

ትምህርቱ በዱላ አይሆንም። ሮትዋይለር ሲመቱት ወይ ይፈራል ወይ ይቋቋማል፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሲቋቋም ማሸነፍ አይቻልም። ሥራውን ሲሠራ ቁራሽ ሥጋና ምስጋና ይበቃዋል። «ተቀመጥ»፣ «ና»፣ «ተው» የሚሉትን ሦስት ቃላት ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ዓይነት አነጋገር ይጠቀም። እኛ ቤት ልጄ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሠራተኛችን በኦሮምኛ ስናዛት ሎላ ሦስታችንንም እያየች ትተኛ ነበር። በኋላ በአማርኛው ተስማማን። በየቀኑ ጠዋትና ማታ በጠንካራ ማሰሪያ ይዞ ማንሸራሸር ያስፈልጋል፤ ጥቁር ፀጉሩ ፀሐይ ስለሚስብ በቀትር አይሆንም። ገና እያደገ ያለውን ግን ሩቅ አታስሩጡት፤ አጥንቱ ለመጠንከር እስከ አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

የልጅ ልጆቻችንን በተመለከተ የማልደራደርበት ነገር አንድ ነው፤ ትንሽ ልጅና ውሻ፣ ውሻው የፈለገውን ያህል ገር ቢሆን፣ ያለ አዋቂ ዓይን ለአንድ ደቂቃም አብረው አይተዉም። ሕፃናትን በብዛት የሚነክሰው የመንገድ ውሻ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያውቁት ውሻ ነው፤ የቤታቸው ወይም የጎረቤት። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ የሚጎዳው ፊታቸውና አንገታቸው ነው። ልጅ ውሻን ሲያቅፍ ፍቅሩን መግለጹ ነው፤ ለውሻ ግን አንገቱ መያዙ ነው። ስለዚህ ልጆችን አስተምሯቸው። ሲበላ አይጠጉት፣ ሲተኛ አይቀስቅሱት፣ አጥንት አይቀሙት፣ አይጋልቡት፣ ፊታቸውን ወደ ፊቱ አያስጠጉ። የማያውቁት ውሻ ቢመጣ አይሩጡ፤ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው እንደ ዛፍ ይቁሙ፣ ዓይኑን አይዩ።

ከንክሻ በተጨማሪ መገፋት አለ። ከላይ እንዳልኩት ይህ ውሻ ከብት በጎኑ እየገፋ ነድቷል። ሲደሰት ልጅንም አያትንም በጎኑ ይገጫል። ልብስ ሳሰጣ ሎላ ከኋላ ጉልበቴን ስትገፋኝ ገመዱን ይዤ የተረፍኩበት ቀን አለ። በእኛ ዕድሜ መውደቅ ማለት የዳሌ አጥንት መሰበር ማለት ሊሆን ይችላል። እናም ሰው ወደ ግቢ ሲገባ፣ ልጆች ሲሯሯጡ፣ «ተቀመጥ» የሚለውን ትእዛዝ በደንብ የሚያውቅ ውሻ ለአያቶች ከምርኩዝ እኩል ያስፈልጋል።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ስትሄዱ ደግሞ ሕጉ የተለየ ነው። ለምሳሌ በእስራኤል ሮትዋይለር በሕግ አደገኛ ተብለው ከተዘረዘሩት ዘሮች አንዱ ነው። በአየርላንድ በአደባባይ ሲወጣ አፉ መታሰርና በአጭር ማሰሪያ መያዝ አለበት። የልጃችሁን ውሻ «እኔ ላንሸራሽረው» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ።

ምግቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ሽንኩርቱን ያዙልኝ። በየቤታችን የተረፈ ወጥ ለውሻ ይሰጣል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ ደም ማነስ ያመጣሉ። የዶሮ ወጥ ፍትፍት ለሰው እንጂ ለውሻ አይሆንም። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ወጥ ያልነካው እንጀራ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ሥጋና ካሮት ይበላል፤ አቅም ካለ የውሻ ደረቅ ምግብ ይጨመርበታል። በቀን ሁለት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡት። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች በአንድ ጊዜ ብዙ በልተው ሲሮጡ ጨጓራቸው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሆዱ ከበሮ መስሎ፣ ሊያስመልሰው እየሞከረ ምንም የማይወጣው ከሆነ እስከ ጠዋት አትጠብቁ፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ከመጠን በላይ አታወፍሩትም፤ የዳሌው መገጣጠሚያ ከዘሩ ደካማ ሊሆን ስለሚችል ክብደቱ ያሽመደምደዋል።

የበዓሉ ነገር ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። በፋሲካም በአረፋም በግ በግቢ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ሳንባና ጉበት ይገኛል። ሰው አይበላውም፤ ለውሻ ይወረወራል። በዚያ እብጠት ውስጥ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጁ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ያው እብጠት ከዓመታት በኋላ በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያድጋል። የቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው በሽታ ነው። እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት። ውሻውም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ።

ክትባት ለድርድር አይቀርብም። ሮትዋይለር ፓርቮ በሚባለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በሚያመጣ በሽታ በቀላሉ ይጠቃል፤ ቡችሎችን በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ክትባቱ በስድስትና በስምንት ሳምንት መካከል ተጀምሮ እስከ አሥራ ስድስት ሳምንት ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚለው ጊዜ። የክትባት ወረቀቱን ከልጆቹ ክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ አንድ ቀን ይፈለጋል።

የሚፈለገው ንክሻ ሲደርስ ነው። የውሻው ዘር ምንም ይሁን፣ ቁስሉ ጭረትም ቢሆን፣ ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ሰዓት እያያችሁ ነው የምላችሁ፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁም ያለቅሳል። የተፈጨ ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት አታድርጉበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ጠበሉን ማንም አይከለክላችሁም፤ መርፌውን ግን ቀድማችሁ ተወጉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል። ከመቶ በበሽታው ከሚያዙ ሰዎች 99ኙን የሚያስይዘው ውሻ ነው። ስለ መንጋጋ ቆልፍም ሐኪሙን አስታውሱት። የነከሰውን ውሻ ደግሞ በንዴት አትግደሉት፤ በደንብ ተዘግቶ ለ10 ቀን ይታይ። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ከሞተ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ለሐኪሙ ወዲያው ተናገሩ።

ማን አይያዘው? ቀኑን ሙሉ ሰው የማይውልበት ቤት፣ አጥሩ የላላ ግቢ፣ ውሻን የሚፈራ ሰው ያለበት ቤተሰብ። ጥንዶች ሁለቱም ሥራ ውለው ማታ ደክመው ከገቡ ሌላ ውሻ ይፈልጉ። የሀበሻ ውሻም በደንብ ከተያዘ በጎ ጠባቂ ነው፤ የሚበላውም ያንሳል። ቡችላ ስትገዙ ጅራቱ መቆረጡን እንደ ንጹሕ ዘር ማረጋገጫ የሚያሳዩ ሻጮች አሉ፤ አትቀበሏቸው፤ በራሱ አገር በጀርመን ጅራት መቁረጥ ከ1998 ጀምሮ ተከልክሏል። ከጅራቱ ይልቅ እናቱን አሳዩኝ በሉ። እናትየዋ ሰው ስታይ ከተሸማቀቀች ወይም ከተቆጣች ቡችላውን ተዉት።

ታስሮ ያደገ ሮትዋይለር ቀድሞውኑ በግቢያችሁ ካለ ግን ዛሬውኑ ሰንሰለቱን ፍቱ አልልም፤ ያ አደጋ ነው። መጀመሪያ ሰንሰለቱን በተከለለ ሰፊ አጥር ተኩለት። ለሁለት ሳምንት ያህል የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ራሳቸው ምግቡን ይዘው ይሂዱ፤ ዘበኛው አይሁን። ከአጥሩ ውጭ ዱካ ላይ ተቀምጣችሁ ጋዜጣችሁን አንብቡ፤ አትጥሩት፣ አትዩት፤ አልፎ አልፎ ቁራሽ ሥጋ ጣሉለት። ጀርባውን ሰጥቶ የሚጮኸው፣ ከቀናት በኋላ አጥሩ ሥር መጥቶ የሚተኛው መቼ እንደሆነ ታዩታላችሁ። ከዚያ ከእንስሳት ሐኪም ወይም ውሻ ከሚያሠለጥን ሰው ጋር ተማክራችሁ ማሰሪያና የአፍ መከለያ ታለምዱታላችሁ። ልጆቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአጥሩ ርቀው ይቆዩ። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብትሉኝ፣ በሰፈራችን ሁለት ዓመት ታስሮ የኖረ አንድ ውሻ አውቃለሁ፤ የቤቱ እማወራ ሳትሰለች እንዲህ አድርጋ፣ ጎኑን በእጇ ለመጀመሪያ ጊዜ የዳሰሰችው በሦስተኛው ወር ነው።